የመድረኩ ቀኝ የማን ቀኝ ነው?

ጌዶ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ የፊንጫኣ መንገድ ከሚገነጠልበት ደጋ የተቀመጠች የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። በዚያ እንግሊዝኛ የምታስተምርና የትምህርት ቤቷን የድራማ ክበብ የያዘች አንዲት ወጣት መምህርት፣ ዕድሜያቸውን በዚያው ሙያ ካሳለፉ አንድ ጡረተኛ ጋር በአንድ የቃላት ዝርዝር ላይ ተከራክራለች። ዝርዝሩ የእንግሊዝኛ የቴአትር ቃላትን የያዘ ነው፤ የተዘጋጀው ግን ለጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ለክበቡ ልጆች የቴአትር ቃላት ስፈልግ ያገኘኋት ናት። በአንድ ወገን እንግሊዝኛው፣ በትይዩው ጀርመንኛው ተጽፏል። ጀርመንኛውን አውጥቼ በቦታው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ላስገባና ላባዛው ነው።

ጡረተኛው፦ ብታባዢው ልጆቹ ይሸመድዱታል። ሲጫወቱ ግን አንዱም አይመጣላቸውም።

መምህርቷ፦ ምነው ጋሼ፣ ገና ሳያዩት!

ጡረተኛው፦ አይቼዋለሁ። ለባለቤቱ ጥሩ ሥራ ነው፤ ለአንቺ ልጆች ግን አልተሠራም። የቃላት ዝርዝር የሚጠቅመው ተማሪው ከሚሳሳትበት ቦታ ሲነሣ ነው። ጀርመኑና የጌዶው ልጅ ደግሞ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ አይደለም። ይህን መስመር ተመልከቺ፤ «ሪኸርሰል» ይልና ትይዩው ላይ «ፕሮበ» ይላል። ለምን የገባ ይመስልሻል?

መምህርቷ፦ ልምምድ ለማለት ነዋ።

ጡረተኛው፦ ለጀርመኑ ወጥመድ ስላለው ነው። በእንግሊዝኛም በዚያው ፊደል የሚጻፍ ቃል አለ፤ ትርጉሙ ግን መመርመር፣ ጎርጉሮ መፈለግ ነው። ጀርመኑ ሳያስበው የራሱን ቃል በእንግሊዝኛው ውስጥ ቢያስገባ፣ ሰሚው «ማን ነው የሚመረመረው?» ይላል። የአንቺ ልጅ እዚህ ላይ አይወድቅም።

መምህርቷ፦ የእኔዎቹ ሌላ ቦታ ነው የሚወድቁት። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልምምድ አለን» ለማለት «ኤክሰርሳይዝ አለን» ይሉኛል። ትዝ የሚላቸው በመጽሐፋቸው ምዕራፍ መጨረሻ ያለው መልመጃ ነው።

ጡረተኛው፦ ይኸው፣ የራስሽን ዝርዝር ጀመርሽ። አሁን ይህቺን «ጋርደሮበ» የምትለዋን እይ። ተመልካች ካፖርቱን የሚያስቀምጥበትም፣ ተዋናይ ልብሱን የሚቀይርበትም ክፍል በጀርመንኛ ስሙ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ለየብቻ ይጠራቸዋል። ጀርመኑ ይህን ካልተማረ ለንደን ሄዶ ካፖርቱን ይዞ ተዋናዮቹ ክፍል ዘው ይላል።

መምህርቷ፦ እኛ ጋ ተመልካቹ ጋቢውንም ካፖርቱንም ደርቦ ነው የሚያየው፤ የጌዶ ብርድ አያስወልቅም። ልጆቹም የሚቀይሩት አንዱን ክፍል ዘግተው ነው። ጨዋታው ራሱ ባንዲራ በሚሰቀልበት ሜዳ ላይ ነው፤ ከፍ ያለ መድረክ የለ፣ መጋረጃ የለ።

ጡረተኛው፦ እንግዲህ መጋረጃን ከዝርዝሩ ራስ ላይ ማስቀመጥ ምን ይረባል? መጽሐፍ ሲያነቡ እንዲያውቁት ኋላ ላይ ትጨምሪዋለሽ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው በዚያ ሜዳ ላይ አፋቸው የሚፈልገው ቃል ነው።

መምህርቷ፦ ግን ሁሉም የማይጠቅም አይደለም ጋሼ። ከጀርመኖቹ ጋር የምንጋራው ስሕተት አግኝቻለሁ። «ዳይሬክተር» የሚለው ላይ ለጀርመኖቹ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል።

ጡረተኛው፦ ልክ ነው። በእነሱ ቋንቋ ተውኔቱን የሚያዘጋጀው ሰው ከፈረንሳይኛ በመጣ ቃል «ሬዢሰር» ይባላል። «ዲሬክቶር» የሚሉት የተቋም ኃላፊን ነው።

መምህርቷ፦ እኛም እንዲሁ ነን! አንድ ቀን ከእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ «ዳይሬክተሩ ተዋንያኑን ጸጥ አሰኘ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብላቸው ልጆቹ ዞር ብለው የርዕሰ መምህሩን ቢሮ አዩ። ለእነሱ ዳይሬክተር ማለት ሰልፍ ላይ የሚቆጣው ሰው ነው።

ጡረተኛው፦ አማርኛውም ቢሆን መውጫ አይሰጣቸውም። እኛ በቴአትር «አዘጋጅ» እንላለን። የጋዜጣም ሰው አዘጋጅ ነው፤ የሬዲዮ ፕሮግራምም አዘጋጅ አለው፤ ድግስ ያሰናዳም አዘጋጅ ይባላል። ልጁ አዘጋጅን ወደ እንግሊዝኛ መልስ ሲባል አራት የተለያዩ ሙያዎች ይመጡበታል። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም፤ በብሪታንያ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተውኔቱን የሚያዘጋጀውን ሰው «ፕሮዲዩሰር» ይሉት ነበር። ዛሬ ፕሮዲዩሰር ገንዘቡንና ድርጅቱን የሚይዘው ነው። የድሮ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

መምህርቷ፦ «አክተር» ደግሞ ባሰ። ልጆቹ ቃሉን የሚያውቁት ከቪዲዮ ቤት ነው። «አክተሩ አይሞትም» ሲባል ሰምተዋል፤ ስለዚህ አክተር ማለት ጀግናው፣ መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው ብቻ ነው። ክፉውን ሰው ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ «አንተም አክተር ነህ» ብለው አላምን አለኝ።

ጡረተኛው፦ ይህ በጀርመኖቹ ዝርዝር ውስጥ በፍጹም አይገኝም! ጻፊው። እንዲያውም ከመጀመሪያው ገጽ አስቀምጪው። ልጆቹ እናውቀዋለን የሚሉትን ቃል አስቀድመሽ ካላጠራሽ፣ የማያውቁት ላይ ብትደክሚ አይገባቸውም።

መምህርቷ፦ እኔን ራሴን ግራ ያጋባኝ አንድ አለ፤ የመድረክ ግራና ቀኝ። ዝርዝሩ ላይ የእንግሊዝኛው «ቀኝ» ከጀርመንኛው «ግራ» ጋር ተዛምዷል። የማተሚያ ስሕተት መስሎኝ አርሜው ነበር።

ጡረተኛው፦ መልሺው፤ ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ የመድረክ ቀኝ ማለት ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረው ተዋናይ ቀኝ ነው። በጀርመን ቴአትር ግን ግራና ቀኝ የሚለካው ከተመልካቹ ወገን ነው፤ አዘጋጁ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ከሚያይበት። ስለዚህ ያችኑ አንዲት ጥግ እንግሊዙ ቀኝ፣ ጀርመኑ ግራ ይላታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

መምህርቷ፦ የእኛስ? እኔ «በቀኝ ግባ» ስል ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ይገባል።

ጡረተኛው፦ አዘጋጁ ቀኝ ሲል የማን ቀኝ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተናገረ እንዲያ ነው። ፈረንሳዮች ከዚህ ጣጣ ለመውጣት ግራ ቀኙን ትተውታል። አንዱን ወገን «ግቢ»፣ ሌላውን «አትክልት» ይሉታል። ስሙ የመጣው ፓሪስ ውስጥ በቱይለሪ ቤተ መንግሥት ከነበረው የቴአትር አዳራሽ ነው፤ ባንድ ጎኑ ግቢው፣ በሌላው የአትክልቱ ስፍራ ነበር። አዳራሹ ዛሬ የለም፤ አጠራሩ ግን በፈረንሳይ መድረክ ሁሉ እስከ ዛሬ አለ።

መምህርቷ፦ እንዲያ ከሆነ እኛም እንችላለን። ሜዳችን መንገዱን ተከትሎ ነው ያለው፤ ባንድ በኩል አምቦ፣ ባንድ በኩል ነቀምቴ። «በአምቦ በኩል ግባ፣ በነቀምቴ በኩል ውጣ» ብላቸው ማንም አይሳሳትም።

ጡረተኛው፦ ግሩም! በልምምድ ላይ በዚያ ተግባቡ። ከዚያ በኋላ «ይህን እንግሊዙ እንዲህ ይለዋል፣ ጀርመኑ እንዲያ» ብትያቸው ሦስቱንም ይይዙታል፤ መጀመሪያ እግራቸው አውቆታልና። «ላይ» እና «ታች» የሚሉትስ ገብተውሻል?

መምህርቷ፦ አንዱን ልጅ «አፕስቴጅ» ሂድ ብለው ወንበር ላይ ወጣ።

ጡረተኛው፦ አይፈረድበትም። ድሮ በአውሮፓ ብዙ መድረኮች ተዳፋት ነበሩ፤ ከኋላ ከፍ ብለው ወደ ተመልካቹ ዝቅ ይላሉ፤ ከኋላ ያለውም ተዋናይ እንዲታይ ነው። ወደ ኋላ መሄድ በእውነት ሽቅብ መውጣት ነበር። መድረኩ በኋላ ዘመን ለጥ ያለ ሲሆን ቃሉ እንዳለ ቀረ። ጀርመኑ «ኋላ» እና «ፊት» ብሎ ነው የሚገላገለው፤ አማርኛም እንዲሁ። እዚህ ላይ ጀርመኑና የአንቺ ልጅ ችግራቸው አንድ ነው፤ እንግሊዝኛው ነው የተለየው።

መምህርቷ፦ እንግሊዝኛ ደግሞ ተራ ቃል ወስዶ ሌላ ነገር ያደርገዋል። «ዊንግስ» ስላቸው የወፍ ክንፍ ይስላሉ፤ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ተዋናይ ተሰውሮ ተራውን የሚጠብቅበት ቦታ ነው ስላቸው ይስቃሉ። «ላይንስ» ስላቸው ደብተራቸው ላይ ያለውን መስመር ያያሉ።

ጡረተኛው፦ ቃለ ተውኔቱን መሆኑን ንገሪያቸው። «ሃውስ» የሚለውም ተመልካቹ የሚቀመጥበት አዳራሽ ነው፤ «ሙሉ ቤት» ካሉ ቦታ ሞልቷል ማለታቸው ነው። «ፕሮፕስ» የሚሉት ደግሞ ንብረት ከሚለው ቃላቸው የተቆረጠ ነው፤ በመድረክ ላይ ተዋናዩ የሚይዘው ዱላ፣ ጀበና፣ ደብዳቤ። ይህ ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤታችሁ ንብረት ክፍል አለው አይደል?

መምህርቷ፦ አለው፤ ግን ጀበና አያውስም።

ጡረተኛው፦ ከቤት ያምጡ። ቃሉ የሚጸናው ጀበናዋን የሚይዛት ልጅ ስሟን በእንግሊዝኛ ሲጠራ ነው።

መምህርቷ፦ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጀርመኖች ትልቅ ቴአትር ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። የእንግሊዝኛ የቴአትር ቃል ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ጡረተኛው፦ ግንኙነታቸው የቆየ ስለሆነ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ተዋንያን ቡድኖች ባሕር ተሻግረው በጀርመን ከተሞች እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። መጀመሪያ የሚጫወቱት በእንግሊዝኛ ነበር። ተመልካቹ ቋንቋውን ስለማያውቅ በእንቅስቃሴ፣ በፍልሚያ፣ በሙዚቃ ነው የያዙት። አስቂኙ ተዋናይ ጣልቃ እየገባ በአገሬው ቋንቋ ያዋዛ ነበር። ቆይቶም ሽሌግል የሚባለው ሰው ከ1797 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሼክስፒርን ተውኔቶች ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ፣ ጀርመኖች ሼክስፒርን የራሳቸው አድርገው ተቀበሉት። ንግዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ሌሲንግ በ1767 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ውስጥ በቴአትር ቤት ተቀጥሮ ተውኔት እየመረመረ፣ እየተቸ ሠራ። ያ ሙያ «ድራማቱርግ» ተባለ፤ እንግሊዞቹም ቃሉን እንዳለ ወሰዱት።

መምህርቷ፦ ወደ እኛስ የመጣ የጀርመንኛ ተናጋሪ አለ?

ጡረተኛው፦ አለ እንጂ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት፣ መጀመሪያ ከመሩት ሰዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነበር። የተከፈተበት ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። የአማርኛ ቃለ ተውኔት፣ የአበሻ ተዋንያን፣ የኦስትሪያ ሰው! በዚያ መድረክ ላይ ግራ ሲባል የማን ግራ እንደነበር ብታስቢው ያስቃል።

መምህርቷ፦ የእኛው አገር ሰው ጸጋዬስ?

ጡረተኛው፦ ወደ እሱ ልመጣ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቦዳ ተወልዶ አምቦ የተማረ፣ የዚሁ የምዕራብ ሸዋ ልጅ ነው። ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቶለታል። ኋላ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር፣ ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ድረስ ሄዶ የመድረክን ሥራ አየ። አስቢው፤ አንዱ ቤት በተዋናዩ ቀኝ ይሠራል፣ ሌላው ግቢና አትክልት ይላል። እሱ ግን ሲመለስ «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን በአማርኛ አመጣልን፤ የጀርመኑን የብሬሽትን «እናት ኩራዥ» ደግሞ «እናት ዓለም ጠኑ» አድርጎ አቀረባት። እንግሊዝኛም፣ ጀርመንኛም፣ አማርኛም በአንድ የአምቦ ልጅ እጅ ተገናኙ።

መምህርቷ፦ ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። ግን ጋሼ፣ አሁን አንድ የማልስማማበት ነገር ልናገር። እርስዎ «ገቢር»፣ «ትዕይንት»፣ «ገፀ ባሕርይ» ብለሽ አስተምሪ ይሉኛል። እነዚህ ለእኔ ልጆች የአፍ መፍቻ አይደሉም። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። «አክት» ብላቸውም እንግዳ ነው፣ «ገቢር» ብላቸውም እንግዳ ነው። አንድ ባዕድ ቃል በሌላ ባዕድ ቃል መፍታት ነው የሚሆንብኝ።

ጡረተኛው፦ እሱስ እውነት ነው። የአማርኛውም ቃል ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ስሙ «ፋቡላ» ነው፤ ዓይነቱንም «ኮመዲያ» ብለውታል። ሁለቱም የውጭ ቃል ናቸው። ከግእዝ የወጣው «ተውኔት» እና ጓደኞቹ በጽሑፍና በትምህርት ቤት ነው ሥር የሰደዱት፤ በ1970ዎቹ መግቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከተከፈተ ወዲህ ይበልጥ ጸኑ። የተማረ ሰው ቃል ነው፤ ልጅ አብሮት አይወለድም።

መምህርቷ፦ ልጆቹ ግን የራሳቸው አላቸው። መድረክን «ወልተጂ» ይላሉ፤ ተዋናይን «ታቶ» ይላሉ። መጀመሪያ ያንን ላውጣ፤ ከዚያ እንግሊዝኛውን፤ አማርኛው ሦስተኛ ይሁን።

ጡረተኛው፦ ይሁን፤ በአንቺ ክፍል ትክክሉ እሱ ነው። አማርኛውን ግን አታስቀሪባቸው፤ ነገ አዲስ አበባ ሄደው የቴአትር ማስታወቂያ ሲያነቡ «ድርሰትና ዝግጅት» የሚል ያያሉ። ደግሞ ቴአትር አዲስ ነገር ነው ብለው እንዳያስቡ። ጌራርሳ የሚያወርድ ሰው ሲቆም፣ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ ተቀባይ ነው፤ ድምፁን ይሰጣል፣ ያበረታዋል። እዚያ ተመልካችና ተዋናይ በመጋረጃ አይለዩም።

መምህርቷ፦ እሱ ላይ ሌላ ችግር አለብኝ፤ «ኦዲየንስ»። እንግሊዝኛው ዝም ብሎ የሚሰማ፣ የተቀመጠ ሰው ነው። የእኛ ሜዳ ላይ ግን ተመልካቹ ይመልሳል፤ ሌባው ሲደበቅ «እዚያ ነው!» ብሎ ይጠቁማል።

ጡረተኛው፦ ጥሩ ችግር ነው፤ ለልጆቹ ስጫቸው። ቃሉን ከነልዩነቱ ይማሩት። ጸጋዬም ከዚህ አካባቢ ስም የወሰደ በእንግሊዝኛ የጻፈው ተውኔት አለው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል»። የበኩር ልጅ መሥዋዕት እንዲሆን ስለሚጠይቅ ትንቢት ነው። ከዚያ አንድ ትዕይንት ወስደው በእንግሊዝኛ ቢጫወቱ፣ የኦዳን ዛፍ ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልጋቸውም። ጀርመኑ ነው እዚያ ላይ የቃል ዝርዝር የሚፈልገው።

መምህርቷ፦ ፈተናውስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና «ስቴጅ ራይት» ምን ማለት ነው ብሎ አይጠይቅም። ወላጅም፣ ትምህርት ቤቱም ያንን ነው የሚያዩት።

ጡረተኛው፦ አይጠይቅም። ግን ትእዛዝ መስማትና መፈጸም፣ «ግባ፣ ቁም፣ ዞር በል፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጀምር» መባባል፣ ይህ ሁሉ ሕያው እንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ሲጫወት ይናገራል፤ ቢሳሳት የተሳሳተው ሽማግሌው ነዋ። በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ ታጭቆ ሁሉን ማናገር አይቻልሽም፤ ልምምድ ላይ ግን ሁሉም ሥራ አለው። የማይጫወተው መብራት ይይዛል፣ ዕቃ ያቀብላል፣ ቃል የረሳውን ያስታውሳል። ለእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ቃል አለው።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ዝርዝሩን እንዲህ ልሥራው። በፊደል ተራ አይሆንም፤ በሥራው ተራ ይሆናል። መጀመሪያ ሰዎቹ፤ ማን ይጽፋል፣ ማን ያዘጋጃል፣ ማን ይጫወታል። ቀጥሎ ልምምዱና የትእዛዝ ቃላቱ። ከዚያ ቦታው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ፊት፣ ኋላ፣ የማን ቀኝ እንደሆነም ይጻፋል። ቀጥሎ ዕቃና ልብስ። በመጨረሻ ተመልካቹ፣ ጭብጨባው፣ ከጨዋታው በኋላ አስተያየት መስጫ ቃላቱ። በየቃሉ አጠገብም ልጆቹ የሠሩትን ስሕተት ስም ሳልጠራ እጽፋለሁ።

ጡረተኛው፦ በአንድ ጊዜ ብዙ አትስጫቸው። ለአንዱ ልምምድ የሚያስፈልገውን ብቻ ስጪ፤ በሚቀጥለው ያንኑ አስደግመሽ ጥቂት ጨምሪ።

መምህርቷ፦ የጀርመኖቹን ወረቀትስ ልጣለው?

ጡረተኛው፦ ለምን ትጥያለሽ? አሠራሩን ተማሪበት። ያዘጋጀው ሰው የራሱን ተማሪ ያውቃል፤ የት እንደሚሰናከል አይቶ ነው የጻፈው። ከእሱ መውሰድ ያለብሽ ይህን ጥንቃቄ ነው። ለጓደኞችሽ መምህራንም ንገሪያቸው፤ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከበርሊን፣ ለሌላ ተማሪ የተሠራ ዝርዝር ሲያገኙ ዓምዱን ብቻ ለውጠው አያባዙ። መጀመሪያ ልጆቻቸውን ያጫውቷቸው፣ ስሕተታቸውን ይመዝግቡ፣ ዝርዝሩን ከዚያ ይጻፉ።